የሁለት ሳምንት ቀጠሮ

ፈረንሳይኛ መማር የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ጊዜ ለማሳለፍ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን ልጄን ለትዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ስለነበር፣ ሽማግሌውም ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ ስለማያውቅ ነው።

ልጄ አንዲት ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከሰቆጣ ወጥታ ቤሩት ሰው ቤት ሠራች። አሠሪዎቿ ወደ ፈረንሳይ ሲዛወሩ ይዘዋት ሄዱ፤ እነሱን ከለቀቀች በኋላም እዚያው ቀረች። አሁን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ታጥባለች። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላ አንድ ሰው እንዳለ ነገረችኝ። አውቶቡስ ነጂ ነው፣ አባቱ ሞተዋል፣ እናቱ ገጠር ላም ያረባሉ አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ስል አይሆንላትም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት።

«ምነው እማዬ፣ አልወደድሽውም?»

«አላየሁት። ሽማግሌ ይላክና እንነጋገራለን።»

ሳቀች። እዚያ አገር ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቢኖርም ከእናቱ ሌላ የሚልከው ዘመድ እንደሌለው አስረዳችኝ። እንግዲያው እናቱ ይጠይቁኝ አልኩ። እሺ፣ እኔ አስተረጉማለሁ አለች። ይህን ግን አልተቀበልኩም። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ ጓዳ ትገባለች። ስለ ራሷ የሚባለውን መስማቷ እንኳ ነውር ነው፤ ጭራሽ መሀል ገብታ ልታስተረጉም! ሌላ አስተርጓሚ ደግሞ የቤቴን ነገር የሚሰማ ባዕድ ነው። ስለዚህ ራሴ እናገራለሁ አልኩ። ወሩ ኅዳር ነበር። ቀጠሮውን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አደረግሁት። ልጄ ቅር እያላት ተስማማች።

አንድ ጎረቤቴ ከወልድያ፣ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መማሪያ አመጣልኝ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት በደህና እንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ፋይል ስቆጥር ስለኖርኩ ብዙው ጠፍቷል። ቢሆንም መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ገባሁበት።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ዳዊት ያስተማረኝ እሱ ነው። በእሱ ዘዴ መጀመሪያ ፊደሉ ይለያል፣ ከዚያ ያው ገጽ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተባለ ይመላለሳል፣ በመጨረሻ መጽሐፉ ይታጠፍና በቃል ይባላል። ትርጉም ኋላ ይመጣል፤ ለብዙ ሰው ጨርሶ አይመጣም። እኔም ሌላ የመማሪያ መንገድ አላውቅም ነበር። ከፈረንሳይኛው በላይ በእርሳስ የአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ጠዋት ጠዋት አነበንብ ጀመር።

ድምፁን የምታርምልኝ ሴት ገበያ ውስጥ ተገኘች። ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች፤ ሰው ሁሉ የጅቡቲዋ ይላታል። የፃግብጂ ልጅ ናት፤ ስትናደድ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና፣ ስትሸጥ በአማርኛ ትናገራለች። ጅቡቲ አሥር ዓመት የፈረንሳዮች ቤት ምግብ አብስላለች። ፊደል አልቆጠረችም። እሷ አፌን ታርምልኛለች፣ እኔ ደግሞ ለቀበሌ የምታስገባውን ማመልከቻ እጽፍላታለሁ። ስምምነታችን ይህ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አንድ ገጽ አነበብኩላት። ሽንኩርቷን እየለየች ሰማችኝና፣ «እትዬ፣ እንዲህ የሚያወራ ፈረንጅ አላየሁም» አለች።

መጽሐፉ ላይ እንዳለ ነገርኳት።

«እንግዲያው መጽሐፉ ይናገር። እርስዎ ምን ልፋት አለብዎት?»

እየሳቀችም ቢሆን አረመችኝ። አንዳንዱን ቃል አፍንጫዬን ይዤ እንድለው ታስገድደኝ ነበር፤ አጠገቧ ጨው የሚሸጡት ሰውዬ ጉንፋን ይዞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልፎ አልፎ ማንበቤን አቋርጣ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ጥያቄው ገጹ ላይ ስለሌለ ቆይ፣ እሱ ጋ አልደረስኩም እላታለሁ።

ከገና በኋላ ጀማሪ የሚለውን ክፍል ትቼ ወደ ከፍተኛው ዘለልኩ። የምናገረው ልጅ የሚጠየቅበት ንግግር ነው፤ በጀማሪ ቃል አይሆንም። ከከፍተኛው ክፍል ያማሩትን ዐረፍተ ነገሮች እየመረጥኩ አንድ ገጽ አቀናበርኩ። ሰላምታና ምስጋና አለው። ቀጥሎ የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥሩልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ልጃችን አንዲት ናት፣ ዘመድ ሳናማክር መልስ አንሰጥም፣ አስበንበት በሁለት ሳምንት እንገናኝ እላለሁ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የተባለባት ልጅ የረከሰች ትባላለች። እኔን ሊጠይቁ የመጡትን አባቴ ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል፤ ባለቤቴ ይህን እስኪሞት ድረስ በኩራት ያወራው ነበር።

ጾሙ እስኪፈታ ያን ገጽ ሳልደናቀፍ በቃሌ እለው ነበር። የጅቡቲዋ እንኳ ድምፁ ተስተካክሏል አለች። ግን አልተደሰተችም።

«እሳቸው መሀል ላይ አንድ ነገር ቢሉዎትስ?»

«ሽማግሌ አቋርጦ አይናገርም» አልኳት።

የቀጠሮው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ስልኩን መስኮት ላይ አቆምኩት። ሴትዮዋ ብቅ አሉ። ነጭ ፀጉር አላቸው፣ መነጽር አድርገዋል፣ ከጀርባቸው የማድ ቤት ምድጃ ይታያል። ቆመው ነበር። ለካ ልጄ ሽማግሌ ጉዳዩ እስኪሰማለት አይቀመጥም ብላ ነግራቸዋለች። በዚያ ዕድሜያቸው፣ አንድ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ከወረቀት እያዩ ልጄን ለልጃቸው ጠየቁኝ። ብዙውን ባልሰማም የመጡበትን ስለማውቅ ገባኝ።

ተራዬ ሲደርስ ገጼን ከላይ እስከ ታች አልኩት። አንድም ቃል አልሳትኩ። የሰባቱን ቤት ጥያቄ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። የልጁን አባት፣ አያቱንና የአያቱን አባት ጠሩና እዚያ ላይ አቆሙ። ሌላም ነገር ተናገሩ፤ ጥያቄ ይመስላል። ገጼ ላይ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ደገምኩላቸው፤ እናስብበታለን፣ በሁለት ሳምንት እንገናኝ። ሌላ ነገር ጠየቁ። እኔም እንደገና ያንኑ አልኩ። ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተሰነባብተን ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያ ያለ ንግግር በሰቆጣ ማንም አልተናገረም ብዬ በልቤ ተመካሁ።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች። ፊቷን አላሳየችኝም።

«ምን ብትያት ነው?»

የተባለውን ነገርኳት። ሴትዮዋ ሲያለቅሱ አመሹ አለች። ዘራችንን መርምራ አልበቃችሁኝም አለችኝ፣ ሂዱ አለችኝ፣ ስጠይቃት ሦስት ጊዜ ያንኑ ደጋገመችልኝ ብለዋል። ባህላችን ነው ብላ ልጄ አስረድታቸው ነበር። እሳቸው ግን ቋንቋ የማይችል ሰው ይሳሳታል፣ እናትሽ ግን ከኔ የተሻለ ተናገረች፣ ያለችውን ታውቃለች አሉ።

«ለሁለት ሳምንት ነው ያልኩት» አልኳት።

«እማዬ፣ አንቺ መቼም አልፈለግሽውም። እሷም ገብቷታል፣ እኔም ገብቶኛል።»

ስለ ራሴ ማሰብ አልወድም። ቢሆንም ያን ሌሊት ተጋድሜ ሁለት ሳምንት ስል ሁለት ዓመት ቢሆንልኝ እንደምመርጥ ታወቀኝ። ንግግሩ የአባቴ ነበር፤ ውስጡ ያለው እምቢታ ግን ትንሽ የኔም ነበር። ጠዋት ደውዬ ይህን ልነግራት አሰብኩ።

ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም። በቀጣዩም ቀን አልነበረም። መጀመሪያ ማንም አልተደናገጠም፤ የለመድነው ነው። ሳምንት ሲሞላው የወልድያ መንገድም ተዘጋ።

ቁጭ ማለት አቃተኝ። በር አጠገብ ወንበር አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ አንዳንዴ ሞገድ ይይዛል ተብሎ ሰው ይወጣ ነበር። እኔም ጠዋት ወጣሁ፣ ከሰዓት ወጣሁ፤ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ እዞራለሁ። ከጎረቤታችን ወረዳ ከዝቋላ የመጡ አንዲት ሴት አረብ አገር ያለች ልጃቸውን ፍለጋ ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከኔ ይሻላሉ፤ መቀመጥ ይችላሉ።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ቀጠሮ ሰጥቶ በቀኑ መልስ ያልሰጠ የልጅ ወላጅ በኛም አገር እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ የእነሱ አለመረዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በሁለቱም አገር ሥርዓት እምቢ ብያለሁ፤ አለማለቴን የሚነግርልኝ ደግሞ የለም።

ለጅቡቲዋ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰው ላይ መፍረድ አትወድም፤ ያን ቀን ግን አላለፈችኝም። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ የሽንኩርት ጆንያ ሥር ከተተችው።

«እትዬ፣ እኔ ጅቡቲ የገባሁ ዕለት የማውቀው ምን እንደነበር ያውቃሉ? አልገባኝም ማለት ብቻ። እሱን ባላውቅ ኖሮ እንጀራዬ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን ይኼን ሁሉ ተምረው አልገባኝም ማለት አያውቁም።»

እውነቷን ነው። በአባቴ ትምህርት ቤት እያነበበ ያቋረጠ በኩርኩም ነበር የሚመለሰው።

ከዚያ ወዲህ በእሷ መንገድ ሆነ። መደቧ ላይ ታስቀምጠኝና በፈረንሳይኛ ትነዘንዘኛለች። ለምን ዘገየሽ፣ ይኼ ሽንኩርት የበሰበሰ ነው፣ ማን አስገባሽ፣ ውጪ። እሷ ባበሰለችባቸው ቤቶች ሰው የሚናገረው እንዲያ ነበር። እኔ መልስ እስክሰጥ አትለቀኝም። መጀመሪያ ላይ አፌ ተሳስሮ እያላበኝ ነበር የምመለሰው። ቆይ፣ ድገሚልኝ፣ ቀስ በይ፣ ምን ማለት ነው፤ እነዚህን አስተማረችኝ። ስድብ ልታስተምረኝ ስትሞክር አይሆንም አልኳት።

«ሳይሰዳደቡ ቋንቋ አይገባም» አለች። ጨው ሻጩ ደግሞ በሁለት አሮጊቶች ፈረንጅኛ ገበያው ተበተነ እያሉ ያሾፉ ነበር።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ከፍተኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ያማሩ ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ጠፉብኝ። በምትካቸው የተሰባበረ፣ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ብድግ ብሎ የሚመጣ ነገር አገኘሁ። እየተማርኩ ሳለሁ ወደ ኋላ የሄድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄ በየቀኑ ከእጄ እየራቀች እኔ ስለ ሽንኩርት እከራከራለሁ።

መስከረም ውስጥ መንገዱ ተከፈተ ሲባል በሁለተኛው አውቶቡስ ወልድያ ወረድኩ። ያረፍኩት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየሁ አዲስ ገጽ አቀናብር ነበር፤ አመል አይለቅም። ከተማው ስንደርስ ስልኬ ሞገድ ያዘና የወራት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የልጄ መልእክቶች መጀመሪያ ላይ ረጃጅም ነበሩ። የት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ የሚሉም ነበሩባቸው። እየቆዩ አጠሩ። የመጨረሻው በዚያው ሳምንት የተላከ ነበር። ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን፣ እናቱ አልመጣም ብላለች፣ አንቺም የለሽ፣ ሁለታችን ብቻ ነን ይላል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ለልጄ ደህና መሆኔን በአንድ መስመር ጻፍኩላት። ብደውልላት ግን ይቅርታዬን ሰምታ ታለቅሳለች እንጂ እናትየዋ አይመጡም። ስለዚህ ለሴትዮዋ ደወልኩ። የልጅቷ እናት ወንድ ቤት ደውላ ለመነች ቢባል አባቴ ከመቃብር ይነሳ ነበር።

አነሱት። ፊቴን ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ያቀናበርኩት ገጽ በዚያች ቅጽበት ጥርግ ብሎ ጠፋ።

«እምቢ አላልኩም» አልኩ። ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ ደገምኩት። «እምቢ አላልኩም። እኛ ጋ መጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። አባቴ ባሌን ሦስት ጊዜ መልሶታል። ከዚያ ስልክ ጠፋ። መንገድ ጠፋ።»

ፈጥነው ብዙ ተናገሩ።

«ይቆዩ። አልገባኝም። ቀስ ይበሉ።»

ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ቃል በቃል እየለዩ፣ ያን ቀን በጣም ጥሩ ሲናገሩ አልነበረም ወይ አሉኝ።

«በቃሌ አጥንቼ ነው። ሦስት ወር አጠናሁት። እርስዎ የጠየቁኝ አልገባኝም ነበር።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም። ያን ቀን ልብስ ገዝተው ለብሰው እንደነበር ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የገባኝ። እኔ ልብሳቸውን አላየሁትም ነበር፤ ገጼን እያሰብኩ ነበር።

«ቅዳሜ ይሂዱ» አልኳቸው።

«እናቷ ሳይኖሩ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«እኔ ስለማልኖር ነው። እኔ መምጣት አልችልም። እርስዎ ይሂዱላት።»

አስብበታለሁ አሉና ስልኩን ዘጉ።

ይህን ያሉት በእነሱ ወግ ይሁን በእኛ አላወቅሁም። የአጎቴ ልጅ ስለ ዘመድ፣ ስለ ኑሮ ልታጫውተኝ ትሞክራለች፤ ልቤ ከእሷ ጋር አልነበረም። ዓርብን ከግቢ በር እስከ ጓዳ ስመላለስ ዋልኩ። ግቢውን በእግርሽ ጠረግሽው አለችኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲሆን ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ የታየኝ የወለል ንጣፍና የሰዎች ጫማ ነው። ከዚያ ስልኩ ተነሳ፤ የሴትዮዋ ጣት ግማሹን ሸፍኖታል። ሰፊ ክፍል ነው። ትከሻቸው ላይ ባለ ቀለም ሻሽ ያጠለቁ ሰውዬ ከወረቀት ያነባሉ። ልጄ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከስታለች። ሰውየው የሚሉት ግማሹ ገባኝ፤ ቤት፣ ልጆች፣ መተማመን። ግማሹ አመለጠኝ። ካመለጠኝ ውስጥ አራት ቃል በአማርኛ ፊደል እንደሰማሁት እጄ ላይ ባለው የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ ጻፍኩ። ከዚያ ልጄን ጠየቋት። ልጄ አንድ ቃል መለሰች፤ እሱ ገባኝ።

ሲያበቃ ስልኩ ለእሷ ተሰጠ። ማን እንደሆነ አላወቀችም ነበር።

«እማዬ? አንቺ ነሽ እንዴ የላክሻት?»

«አልላክኋቸውም። ለምኛቸው ነው።»

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ምን ልትል እንደነበር ይህን ስጽፍም አላውቅም። ይቅር ያለችኝ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ እንዲህ ባለ ነገር ቸኩሎ አይፈረድም።

መንገዱ እንደገና እንዳይዘጋብኝ ሰኞ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ቤት አድርሼ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ። የጅቡቲዋ ልጄን አግኝቻት እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ፊቴን አይታ አወቀች። ሠርጉን ነግሬያት ቲኬቱን አውጥቼ የጻፍኳቸውን አራት ቃላት አነበብኩላት። በርበሬ እየመዘነች ሰማችኝ። እንድደግማቸው አደረገች።

«እነዚህን ጓዳ ውስጥ ማንም ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«አማችዎ፣ የልጁ እናት፣ አሉልዎት አይደል? እኔ ከዚህ በላይ የለኝም፣ እትዬ።»

ሰቆጣ ኔትወርክ ገና አልተመለሰም ነበር። የቀጣዩ ወልድያ አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ ጠየቅኳት።